የአቶ ያደሳ ገሜዳ ሕይወት፣ ትኩስ ላሜራና ቀዝቃዛ ፎርማ

ከ18 ማዞሪያ እስከ ዓለም ባንክ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ስለ ትኩስ ላሜራ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። አንድ የሚበልጡኝ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንቀብራቸዋለን። እኔ ናዝራዊት፣ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ይህን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው በትምህርት ብዛት አይደለም፤ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ የፊደል ግድፈት ካለ የልጃቸው የሆሳዕና ጥፋት ነው፣ አራሚዋ እሷ ናት። የምጽፈው አራት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ቆሜ ስለሠራሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ማንም አልመረጠኝም። ቤተሰቡ «ማን ይጻፈው» እያለ ሲመካከር እስክሪብቶውን ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አቶ ያደሳ ገሜዳ ከአባታቸው ከአቶ ገሜዳ ቶላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጤናዬ ጥሩነህ በምዕራብ ሸዋ፣ ከጊንጪ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ጥቅምት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዱላ የሚያምኑ ሰው ነበሩ። አቶ ያደሳ የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ የሰው ማሳ ውስጥ ከብት አስገብተው በመገኘታቸው አባታቸው በግራ ጆሯቸው ላይ በጥፊ መቷቸው። ጆሮው ሦስት ቀን ደምቶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማበትም። ለዚህ ነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሰው ሲያናግሩ አንገታቸውን ወደ ግራ የሚያዞሩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኩራት የመሰላቸው ሰዎች ካሉ ዛሬ ይወቁት፣ ኩራት አልነበረም።

በ1969 ዓ.ም. ከአጎታቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ገቡ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ሥራ ጀመሩ፤ ማለትም የተጋጨ መኪና ገላ በመዶሻ ቀጥቅጠው ወደ ቦታው መመለስ። ያስተማሯቸው ሽማግሌ ባለሙያ አቶ ያደሳ ላሜራ ባበላሹ ቁጥር በመዶሻው እጀታ ክንዳቸውን ነበር የሚመቷቸው። አቶ ያደሳ በኋላ እኔን ሲያስተምሩኝ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ጠባሳዎቹን በተራ ያሳዩኝ ነበር፤ «ይሄ የፊያት በር ነው፣ ይሄ የቮልስ ኮፈን ነው» እያሉ። አንድ ነገር ግን ከዚያ ዱላ ተምረው ወጡ። «ቀዝቃዛ ላሜራ እንደ ሰው ነው» ይሉ ነበር፤ «መጀመሪያ ስትመቺው ይጠነክራል። ደግመሽ ስትመቺው ይሰነጠቃል።»

በ1983 ዓ.ም. አቶ ያደሳ በ18 ማዞሪያ አካባቢ በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ በተነሳ ጠብ የአንድን ሰው መንጋጋ ሁለት ቦታ ሰበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ዋጋነሽ ይህን «ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ርቀው ነበር» ብለሽ ጻፊው ብለውኛል። አቶ ያደሳ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ርቀው ነበር። አሥራ አራት ወር ታስረው ነበር።

ከእስር ሲወጡ ጋራዡ አልተቀበላቸውም። ለጥቂት ዓመታት እየተቀጠሩም እየተባረሩም ቆይተው፣ በ1988 ዓ.ም. ጌታ ኢየሱስን የግል አዳኛቸው አድርገው ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ተጠመቁ። መጠጥ ያን ቀን ቆመ፣ ተመልሰው አልቀመሱም። ጠቡ ግን በአንድ ቀን አልተዋቸውም። እሳቸው ራሳቸው በአንድ የምስክርነት ፕሮግራም ላይ «ጌታ ልቤን ወሰደ፣ እጄ ግን እያንገራገረ ነው የሚወሰደው» ብለው ጉባኤውን አስቀውታል። ሰው ሲጨብጡ ጣት ይንቋቋ ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን እናቶች ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይደብቁ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

በ1989 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዋጋነሽ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። በ1991 ጌድዮንን፣ በ1995 ሆሳዕናን ወለዱ። ጌድዮን ልጅ እያለ በቀበቶ ተገርፏል፤ ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ ራሱ ጌድዮን ነው። አቶ ያደሳ ከገረፉት በኋላ ጓሮ ሄደው ተንበርክከው ያለቅሱ ነበር። «ከግርፊያው በላይ የሚያስፈራኝ ለቅሶው ነበር» ይላል ጌድዮን። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ፒንሳ ተወርውሮብኛል። ጎንበስ አልኩና ግድግዳውን መታው። እሳቸው የግድግዳውን ቀዳዳ፣ ከዚያ እኔን አይተው «ጥሩ ጎንበስ ትያለሽ» አሉኝ። ይቅርታቸው ይህ ነበር፣ ተቀብያለሁ።

አሁን ወደ ሥራቸው ልመጣ። በ2008 ዓ.ም. አቶ ያደሳ በኮልፌ የራሳቸውን ሥራ ቤት ከፈቱ። የባጃጅ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ክዳን፣ ከአልሙኒየም መሥራት ጀመሩ፤ የብረቱ በሁለት ክረምት ስለሚዝግ። አልሙኒየሙን ከቆሼ የሚለቅሙ ሰዎች ያመጡላቸዋል፤ ያረጀ የነዳጅ ጋን፣ የተገነጠለ የተሳቢ ግድግዳ። ጠንካራ ላሜራ ነው። እንደቀዘቀዘ ከመቱት ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አቶ ያደሳ ማሞቅ ጀመሩ። ከገልባጭ መኪና የተፈታ ፒስተን ገዝተው፣ ከወፍራም ብረት ሁለት ፎርማ አስቀርጸው፣ ላሜራውን በምድጃ አግለው በሁለቱ ፎርማ መካከል የሚጨፈልቅ ማሽን በእጃቸው ሠሩ። የታችኛው ፎርማ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ የላይኛው እዚያ ውስጥ የሚገባ የታጠፈ ጉልበት ይመስላል። ሲወርድ የሥራ ቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ሰሞን ፖሊስ ጠርተው ነበር።

አልሙኒየም ሲግል እንደ ብረት አይቀላም። መልኩን ሳይለውጥ ነው ሥጋ የሚያነሳው። ስለዚህ በደረቅ ሳሙና ላዩ ላይ መስመር ይሰመርበታል፤ ሳሙናው ሲጠቁር ላሜራው ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ከምድጃ አውጥቶ ፎርማው ላይ ለማስቀመጥ እስከ አራት ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ብቻ አለ።

ያላወቀ ሰው ፎርማው ቅርጽ ማውጫ ብቻ ይመስለዋል። ግማሽ ሥራው ሙቀት መቀበል ነው። ትኩስ ላሜራ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ለዓይን የተጋጠሙ ይመስላሉ እንጂ የሚነካኩት እዚህም እዚያም በነጥብ በነጥብ ነው፣ መሀላቸው አየር አለ። በኃይል ሲጨፈለቁ ግን ገላ ለገላ ይገናኛሉ፤ ሙቀቱም ከላሜራው ወጥቶ ብረቱ ውስጥ ይገባል። አጥብቆ የተጨፈለቀ በስምንት ቆጠራ ቅርጹን ይዞ ይጠነክራል። በላላ የተጨፈለቀ ሃያ ቢቆጠርለትም ሲወጣ ይጣመማል። አቶ ያደሳ ይህን ለሰው የሚያስረዱት እጅ በመጨበጥ ነበር። ጓደኛዬን ሉሲን አንድ ቀን መጀመሪያ ለስለስ አድርገው ጨበጧት፤ «ሞቀሽ?» አሏት። «አልሞቀኝም» አለች። ከዚያ አጥብቀው ጨበጧት። ሉሲ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ ቤታችን መጥታ አታውቅም፤ ሙቀት እንዴት እንደሚሻገር ግን በደንብ ታውቃለች።

ችግሩ ፎርማውም ሆድ አለው። አንዱን ላሜራ ተቀብሎ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እያለ አሥራ ሁለት ሲደርስ ራሱ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣለትን ሙቀት አይቀበልም። ያን ጊዜ አቶ ያደሳ «ጠግቧል» ይሉና ሥራ ይቆማል። ደረቅ ቀዝቃዛ የብረት ድፍን፣ ማለትም ወፍራም የብረት ቁራጭ፣ ይደረግበታል፤ ሙቀቱ ወደ ድፍኑ ይሄዳል፤ ድፍኑ ሲግል በሌላ ይቀየራል። አንድ ሰዓት ከግማሽ ይፈጃል። መብረዱ የሚታወቀው በምራቅ ነው። ፎርማው ላይ ሲተፋበት ምራቁ ጭስስ ብሎ ከጠፋ ገና ነው፤ ቁጭ ብሎ ከቀረ «ርቦታል» ይባላል፣ ሥራ ይጀመራል። ውኃ በፎርማው አጠገብ አይደርስም። ይህ የሥራ ቤቱ የመጀመሪያ ሕግ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም፣ እኔም አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

የማሽኑን ማንሻ የሚይዙት አቶ ፈቀደ ናቸው፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የአቶ ያደሳ የሥራ ባልደረባ። በ2013 ዓ.ም. በመካከላቸው የተነሳውን ጠብ ኮልፌ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ፈቀደ ስምንት መቆጠሩን ሳይጠብቁ ማንሻውን እያነሱ ነበር፤ ፓራፋንጎዎቹ እየተጣመሙ ወጡ። አቶ ያደሳ በያዙት ፒንሳ ግንባራቸውን መቷቸው። ጋሽ ፈቀደም ደሙ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ፣ የማንሻውን ቧንቧ ነቅለው በአቶ ያደሳ ትከሻ ላይ አሳረፉት፤ ከማጅራታቸው አጠገብ ያለው አጥንት ሲሰበር ድምፁ ውጭ ድረስ ተሰማ። ሁለቱም በአንድ ባጃጅ ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ መንገድ ላይም አልተዉም፣ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ አቁሞ ገላግሏቸዋል። ሽማግሌዎችና ፓስተራችን አስታረቋቸው። ከታረቁ በኋላ ለአራት ወር በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት።

«ለዚያ ሰውዬ ጫን በይው» ይሉኛል አጎቴ።

«ሰምቻለሁ በያቸው» ይሉኛል ጋሽ ፈቀደ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው።

በአምስተኛው ወር አቶ ያደሳ ከምሳ ዕቃቸው ግማሹን አካፍለው በገዛ እጃቸው ሰጧቸው። ጋሽ ፈቀደ «ጨው ይጎድለዋል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወንድማማች ሆኑ። ይህን የምጽፈው አንዳንድ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ስለሚያስታውስ ነው።

እኔ ወደ አቶ ያደሳ ቤት የገባሁት በዚያው በ2013 ዓ.ም.፣ እናቴ ወደ ጌታ ከሄደች በኋላ ነው። ትምህርት ቤት እንድመለስ ሦስት ጊዜ ወስደውኛል፤ ሦስት ጊዜ በአጥር ዘልዬ ሥራ ቤት ተገኝቻለሁ። በሦስተኛው «እንግዲህ ትፊ» አሉኝ። የምራቁ ሥራ የእኔ ሆነ። ግን እኔ ተፍቼ «ርቦታል» ስል እሳቸው ከኋላዬ መጥተው ደግመው ይተፋሉ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በእኔ ቃል ብቻ ሥራ ጀምረው አያውቁም። «አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ እተፋለሁ» ይሉኝ ነበር። ይህ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ምራቅ ሲጠፋና ሲቀመጥ መለየት ያቅተኛል?

ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ለባጃጅ ማኅበር የሚደርስ አርባ ፓራፋንጎ ነበረብን። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፎርማው ጠገበ። አቶ ያደሳ ድፍኑን ጫኑበትና ለረቡዕ የጾም ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ጋሽ ፈቀደ ምሳ ወጡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ከዚህ በታች ያለውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ድፍኑን አንስቼ፣ ጆንያ ውኃ ውስጥ ነክሬ ፎርማው ላይ ጣልኩት። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተደብቄ ሞክሬው ነበር፣ ምንም አልሆነም፤ አንድ ሰዓት ከግማሽ የሚፈጀው በሩብ ሰዓት ያልቃል። ጆንያው ጮኸ፣ እንፋሎቱ ጣሪያ ደረሰ፤ ደግሜ ነከርኩት፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ እጄ የደረሰበትን ሁሉ በጨርቅ ጠረግኩ። የታችኛው ፎርማ ጥግ ላይ፣ ላሜራው እንዳይጣበቅ በምንቀባው ጥቁር ቅባት ሥር፣ ውኃ ተኝቶ ቀርቷል። ጥቁር በጥቁር ላይ ነው፣ አላየሁትም። አፋፉ ላይ ተፋሁ። ምራቁ ቁጭ አለ።

አቶ ያደሳ ከጸሎት ሲመለሱ ፊታቸው ብሩህ ነበር፤ ጋሽ ፈቀደም ደርሰዋል። «እንዴት ነው?» አሉኝ። «ርቦታል» አልኩ። አጎቴ ፎርማውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሰዓታቸውን አዩ። ቀድሞ መብረዱ ገርሟቸዋል መሰለኝ። ከዚያ ሳይተፉ አለፉና ምድጃውን ከፈቱ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ላሜራ በፒንሳ አውጥተው ፎርማው ላይ አስቀመጡት፤ ጠርዙን ለማስተካከል እንደ ልማዳቸው አጎነበሱ። በግራቸው በኩል እስ የሚል ቀጭን ድምፅ ነበር። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ቅባቱ ነው ብዬ አለፍኩት። እሳቸው በግራቸው አይሰሙም። ገና ቀና ሳይሉ እጃቸውን አንስተው «ጫን» አሉ፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ያለው ጊዜ አራት እስኪቆጠር ብቻ ነው። ጋሽ ፈቀደ ጫኑ።

ላሜራው ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ውኃውን ከሥሩ ዘጋበት። መውጫ አልነበረውም። ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም፤ መጀመሪያ ነጭ ነገር አየሁ፣ ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ላሜራው በአንድ ወገን ተቀዶ እንደ ሰይፍ ወጣና አጎቴን ከአገጫቸው ሥር እስከ ትከሻቸው ሰነጠቃቸው። እንፋሎቱና የፈላው ቅባት ፊታቸውን፣ ደረታቸውንና ሁለቱንም እጆቻቸውን ገሸለጠው። ፒንሳው ጣሪያ በስቶ ወጣ። ጋሽ ፈቀደ ግድግዳ ላይ ተወርውረው ወደቁ፣ ወዲያው ተነሱ፣ ሸሚዛቸውን ቀደው የአጎቴን አንገት በባዶ እጃቸው ያዙ። የሚፋጅ ገላ ነው የያዙት። መዳፋቸው ላይ ያለውን ፋሻ ድንኳን ውስጥ ያያችሁ ሰዎች ከየት እንደመጣ አልጠየቃችሁም።

ባጃጅ ውስጥ የአጎቴ ጭንቅላት እኔ ጭን ላይ ነበር። እኔ እጮህ ነበር። በተላጠው እጃቸው የእጄን አንጓ ያዙና «ዝም በይ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን የሰማ የለም። ዝም በይ ያሉኝ ለቅሶዬን ይሁን ነገሩን አላውቅም። እኔ የሚመቸኝን ወሰድኩ። ከሐኪም ቤት እንደተመለስኩ ጆንያውን ቦይ ውስጥ ጣልኩት።

አቶ ያደሳ አሥራ አንድ ቀን በሐኪም ቤት ተኝተው ሲረዱ ቆይተው፣ እሑድ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በስልሳ ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ።

በነዚያ አሥራ አንድ ቀኖች ማን ምን እንዳለ ድንኳን ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ሰምታችኋል። ጌድዮን «ማንሻውን የያዘው ማን ነው? ያን ጊዜ የጀመረውን አሁን ጨረሰው» አለ። ሌላውም ተቀበለው። ጋሽ ፈቀደ ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ተጠርተው ሄዱ። የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጫን አሉኝ፣ ጫንኩ።» እሑድ ከሰዓት በኋላ ለልቅሶ ሲመጡ ጌድዮን ከወንበሩ ተነስቶ በቡጢ አፋቸውን መታቸው። ወደቁ። ደግሞ በእግሩ ጎናቸውን መታቸው። ደግሞ። የዕድሩ ሰዎች ሲይዙት ጋሽ ፈቀደ ከአፋቸው ደም እየተፉ ድንኳኑ ወለል ላይ ጥርሳቸውን ይፈልጉ ነበር። እጃቸውን ለመከላከል እንኳ አላነሱም፤ በፋሻ የተጠቀለለ ነው። እኔ ሦስት ወንበር ርቄ ውኃ እያደልኩ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጬ «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

እትዬ ዋጋነሽ ማታውን ለሽማግሌዎቹ «ከቀብሩ በኋላ ያ ሰውዬ ሥራ ቤቱን ለቆ ይውጣ» አሉ፤ ጌድዮን ክስ እንደሚመሠርት ተናገረ። እስክሪብቶውን ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ በእግዚአብሔርና በጉባኤው ፊት፣ እንዲህ እላለሁ። አቶ ፈቀደ ምልክት ተሰጥቷቸው ነው የጫኑት። ውኃውን ያመጣሁት እኔ ናዝራዊት ነኝ። ርቦታል ያልኩት እኔ ነኝ። አጎቴ አንድ ቀን ብቻ አመኑኝ፣ በዚያው ቀን ገደልኳቸው። ፖሊስ የሚፈልገኝ ከሆነ ከቀብሩ በኋላ እቤት አለሁ።

አቶ ያደሳ ገሜዳ ጉልበታቸውን ለሥራ፣ ስልሳ ዓመታቸውን ለተመታና ለሚመታ ዓለም ሰጥተው ያለፉ ሰው ናቸው። በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ፒንሳ ከመወርወር በቀር ማንንም አልመቱም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋጋነሽ፣ ልጆቻቸው ጌድዮንና ሆሳዕና፣ የእህታቸው ልጅ እኔ፣ እንዲሁም ወንድማቸው የሆኑት አቶ ፈቀደ ተርፈናል። ደም የለበሰውን እጃቸውን የሚያጥብ ጌታ፣ እንግዲህ ያለ ምንም መንገራገር ሙሉ በሙሉ ወስዷቸዋልና፣ ማንም በማይመታበት ቤት ያሳርፋቸው። እኛንም ያጽናናን።

ይህ ከላይ ያለው ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ሰኞ ጠዋት በድንኳኑ ውስጥ ለቤተሰቡ አነበብኩት፤ ጋሽ ፈቀደም ሽማግሌዎቹ አስጠርተዋቸው ነበር። የሚከተለውን የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስጨርስ እትዬ ዋጋነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጌድዮን እጁን አየ፣ ወደ ጋሽ ፈቀደ ማየት አልቻለም። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ከባድ ነገር እንደሠራሁ ተሰምቶኛል፤ ሰው ሁሉ በድፍረቴ የተገረመ መሰለኝ። ጋሽ ፈቀደ ቀስ ብለው ተነሱ። ሊያቅፉኝ ነው ብዬ አንድ እርምጃ ቀረብኩ።

እሳቸው ግን አፋቸው ላይ የያዙትን ጨርቅ አንስተው፣ ባበጠው ከንፈራቸው «ይሄን ሁሉ ገጽ ከምትሞዪ፣ ትናንት ጥርሴ ሳይወልቅ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት?» አሉኝ።